"ሰው ሳይሞት ጥሩምባ አይነፋም"፦ ከአንድ እድር ጋር የተሠራ የድምፅ ሥራ

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ከእድር አባላት ጋር ስለተሠራ የድምፅ ሥራ፣ ማለትም የሰፈር ድምፆችን ቀድቶና አቀናብሮ ስለተሠራ ሙዚቃ ነው። የሰዎቹን፣ የሳይቱንና ገንዘብ የሰጠውን ድርጅት ስም አልጠቅስም። አባላቱ እንዲህ እንዲሆን ጠይቀዋል። ሳይቱን ብቻ ብጠራ እንኳ ለፋፊው ማን እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ወዲያው ያውቃል።

ጉዳዩን መጻፍ የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። ሙዚቀኛ ከማኅበረሰብ ጋር ልሥራ ሲል መጀመሪያ የሚጨነቀው "ሰዎቹን እንዴት ላሳትፍ?" በሚለው ነው። እዚህ ጋ መልሱን ያመጣው ባለሙያው አልነበረም፤ የእድሩ አሠራር ነው።

ዳራ

የእድሩ አባላት አብዛኞቹ ድሮ መሀል ከተማ ጎረቤታሞች ነበሩ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ ገሚሱ ምትክ የቀበሌ ቤት ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ቤቱ ፈረሰ እንጂ እድሩ አልፈረሰም። ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹንና ድስቶቹን በአይሱዙ ጭነው አመጧቸው። ዛሬ ንብረቱ ያለው ኮሚናሉ ውስጥ ነው። ለቅሶ የሚቀመጡትም፣ በግ የሚያርዱትም፣ በየወሩ የሚሰበሰቡትም እዚያው ነው።

ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከዶርዜ የመጣ ሰው አለበት። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ለፋፊም አለው፤ በስም ማለቴ ነው። በድሮው ሰፈር ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባቸውን ይዘው በየመንገዱ የሚዞሩት እሳቸው ነበሩ። አሁን መርዶ በስልክና በቴሌግራም ግሩፕ ስለሚደርስ ሥራ ከፈቱ ቆይተዋል። ወርሃዊ መዋጮ ግን ዛሬም አይከፍሉም። ደንቡ ለፋፊ አይከፍልም ይላል፤ ደንቡን የሻረው የለም።

ከእኛ ወገን የነበርነው ድምፅ የምቀዳና የማቀናብር እኔ፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች፣ እንዲሁም እዚያው ሳይት የሚኖሩ፣ ላፕቶፕ ላይ ቢት (የዘፈን ምት) የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶች ነን።

ችግሩ

ገንዘብ ሰጪው ያሰበው የባህል ሙዚቃ ዝግጅት ነበር። እናቶች የሀገር ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ይዘፍናሉ፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ሪፖርት ይላካል። ጊዜው እስከ ሚያዝያ ነው።

ይህንን እቅድ ለሴቶቹ ባቀረብንበት ቀን ኮሚናሉ ውስጥ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ ሴት "ልጆቼ፣ እኛ ዘፋኝ አይደለንም። ቡናውን ጠጡና በሰላም ሂዱ" አሉን። ቁጣ የለበትም። ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። "አዝማሪ" መባል ዛሬም ለብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚከብድ ነገር ነው። ዘፈን በሃይማኖት አይፈቀድልንም የሚሉም ነበሩ። የቀን መቁጠሪያውም አልተመቸም። በዚያ ዓመት ዐቢይ ፆምና ረመዳን የገቡት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነው። ዐቢይ ፆም 55 ቀን ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። ድርጅቱ ሪፖርት በሚጠብቅበት ጊዜ ሁሉ ይዘፈናል ብሎ ማሰብ ሰፈሩን አለማወቅ ነው።

ሌላም ነበር። ወጣቶቹ "ከእናቶች ጋር ምን እንሠራለን?" የሚል ፊት ነበራቸው። እናቶቹ ደግሞ ወጣቶቹን የሚያውቋቸው ማታ ድምፅ ከፍተው በሚረብሹ ልጆችነታቸው ነው።

በፆም ወራት፦ መቅዳት

ነገሩን ያነሳነው በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነው። ጸሐፊው "ልዩ ልዩ" በሚለው አጀንዳ ስር አስገቡት። ስለ ዘፈን ምንም አልተነሳም። የጠየቅነው "ከድሮው ሰፈር የትኛው ድምፅ ቀረባችሁ?" ብለን ነው።

መልሱ ጎረፈ። የቁራሌው ጥሪ። የጎረቤት ዘነዘና። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ አዛን፣ ሁለቱም ከአንድ አልጋ ላይ ሆነው የሚሰሙ። አንዲት ሴት "ቡና ደርሷል ብዬ በአጥር መጥራት ነው የቀረኝ፤ አሁን ሚስኮል ነው" አሉ። ሌላዋ ዝናብ አሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሰው እንኳ የማያስደማምጠው ዝናብ። ከላያቸው ሌላ ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ክረምት መግባቱን የሚያውቁት በመስኮት ሲያዩ ነው።

እነዚህን መቅዳት ዘፈን አይደለም። ስለዚህ ፆም አይከለክለውም። ወጣቶቹ ሪከርደር ይዘው ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። የቡናውን ድምፅ የምንቀዳው ከአፍጥር በኋላ ነበር፤ ቀን ቀን እኩሌታው ቤት ይፆማል። ማታ መሆኑም ጠቀመን፣ ግቢው ጸጥ ይላል።

ቴክኒኩን ባጭሩ ልናገር፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት የድምፅ ጥራት ቀዳን። ሙቀጫ ሲወቀጥ ምቱ ድንገት ስለሚፈነዳ ጌይኑን፣ ማለትም ሪከርደሩ ድምፅ የሚቀበልበትን መጠን፣ በጣም ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሪከርደሩ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የሚቀዳው ወለሉ ነው፤ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀመጥነው። ጀበና በተቃራኒው ስንዝር ያህል ካልተጠጉት መንተክተኩ አይያዝም። ፍሪጅ ይነቀላል። አባላት በራሳቸው ስልክ የቀዱትን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሲልኩልን ድምፁ ተጨምቆ ይመጣ ነበር። እንደ ፋይል እንዲልኩ ማሳየት ነበረብን።

ወጣቶቹ በዚህ ወቅት ላይ "ይሄ ሙዚቃ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሃሊም ኤል-ዳብን ታሪክ ነገርኳቸው። ግብፃዊ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ የዛር ሥርዓት ድምፅ ቀዳ፤ ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን ለዋወጠው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት የጀመረው በ1948 ነው፣ ከእሱ አራት ዓመት ዘግይቶ። ይኸው ኤል-ዳብ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ከየብሔረሰቡ የተውጣጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን አንድ ላይ አስቀምጦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ልጆቹን የያዛቸው የዛሩ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ሪከርደሩን የሚሸከመው ማን ይሁን በሚል ይጣሉ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፦ መቀባበል

ፆሙ ሲፈታ የተቀዳውን ብቻ ማቀናበር ይበቃል ወይስ አባላቱ በአካል ይሥሩበት የሚል ጥያቄ መጣ። ሐሳቡን ያመጣው ማሲንቆ ተጫዋቹ ነው፤ እምቢልታን ምሳሌ አደረገ። እምቢልታ ሦስት ሆነው ነው የሚነፉት። አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ የለውም፣ ያለው አንድ ሁለት ድምፅ ነው። ዜማው የሚወጣው ሲቀባበሉ ነው። በደራሼዎች የሸምበቆ መሣሪያ፣ በፊላም እንዲሁ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ይዞ ይጠብቃል። ከአባላቱ አንዱ የዶርዜ ሸማኔ ናቸው። "እኛ አገር ዘፈኑም እንዲህ ነው፤ ሁሉም የየራሱን መንገድ ይይዝና ይገናኛል" አሉ።

"ዘፋኝ አይደለንም" ላለ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚጠበቅበት አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዷ ሰፌድ ያዙ፣ አንዷ መጥረጊያ፣ ሁለቱ ሲኒ። ሸማኔው ከሥራ ቦታቸው የመወርወሪያቸውን ድምፅ አስቀድተው አመጡ።

መጀመሪያ ላይ አልሆነም። ሁሉም እኩል ይገባል፣ ከዚያ እየፈጠነ ሄዶ ሳቅ ይሆናል። ማሲንቆ ተጫዋቹ በእግሩ ቢመታ፣ በእጁ ቢያሳይ የሚያየው የለም። ወጣቶቹ ከስልክ ላይ የሚመታ ሜትሮኖም፣ ምት የሚጠብቅ መሣሪያ፣ አመጡ። ሴቶቹ "ይሄ የሆስፒታል ማሽን ነው" ብለው አስጠፉት።

መፍትሔው ሙቀጫው ነበር። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች። ካልሆነ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፣ ጣትም ይጎዳል። ይህንን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ነው፤ ማንም ማስተማር አላስፈለገውም። ሁለቱን መሀል አስቀመጥናቸውና ሌላው ሁሉ በእነሱ ምት መሀል እንዲገባ ተባለ። ሰፌዷ ከአንደኛዋ ምት በኋላ፣ ሲኒው ከሁለተኛዋ በኋላ። መጥረጊያዋ እንደፈለገች። በዚያ ከሰዓት ሥራው ቅርጽ ያዘ።

ማን ይጀምር፣ ማን ያቁም የሚለውም እድሩ ውስጥ መልስ ነበረው። ለቅሶ ቤት ወጥ የሚያስወጡት፣ እንጀራ የሚያስቀርቡት፣ "በቃ" የሚሉት አንዲት ሴት አሉ። በአንድ እይታ አርባ ሰው ያስነሳሉ። ያለ ምርጫ እሳቸው መሪ ሆኑ።

ጥሩምባው

ሥራውን ሊያፈርስ የደረሰው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከወጣቶቹ አንዱ ለፋፊው ጥሩምባቸውን አልጋ ስር እንዳስቀመጡት ሰማ። ለመክፈቻ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ድምፅ የለም ብሎ ሄዶ ለመናቸው። "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ደቂቃ አይሞላም።"

"ልጄ፣ ማንን ልግደልልህ?" አሉት።

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ይሄ ከተነፋ ሰው ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ይወጣል። ማን ልበላቸው? ሰው ሳይሞት ጥሩምባ አይነፋም።"

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ከኢንተርኔት የሌላ አገር መለከት ድምፅ አውርዶ መጀመሪያው ላይ ለጠፈው፤ እስካሁን የሠራነውን ለስብሰባው ባሰማንበት ቀን ከፈተው። የእድራቸው ጥሩምባ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም አንዲት ሴት ደረታቸውን ያዙ፤ ሌላዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊነሱ ነበር። ክፍሉ በአንዴ ለቅሶ ቤት ሆነ። ከዚያ ጩኸት መጣ። "ሟርት ነው!" "አውጡልን!" ሁለት ሦስት ሰዎች ድምፃችን ሁሉ ይሰረዝልን አሉ።

ሰብሳቢው ነገሩን ያበረዱት እንደማንኛውም የእድር ጉዳይ አድርገው ነው። አጀንዳ ተያዘ፣ ግራና ቀኝ ተሰማ፣ ልጁ ይቅርታ ጠየቀ። በቃለ ጉባኤው "ጥሩምባ በሥራው ውስጥ አይገባም፤ ከሌላ ቦታ የመጣም ቢሆን" ተብሎ ተጻፈና ተፈረመ። ለሙዚቀኛ እንዲህ ያለ ውሳኔ ያማል። እኔ ግን ከማንኛውም የአቀናባሪ ምርጫ የበለጠ ሥራውን የራሳቸው ያደረገው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

መውጫውን ያመጡት ለፋፊው ራሳቸው ናቸው። ድሮ ለስብሰባ የሚጠሩት ያለ ጥሩምባ፣ በአፋቸው ብቻ ነበር። "እሱን እጠራላችኋለሁ፤ ስብሰባ ማንንም አይገድልም" አሉ። ከዋዜማው በቴሌግራም ግሩፑ ላይ "ነገ ጠዋት የሚሰማው ጥሪ የመርዶ አይደለም" የሚል ማሳሰቢያ ወጣ። በማግስቱ ንጋት ላይ በሕንፃዎቹ መሀል ዞሩ፤ ልጁ ሪከርደሩን ይዞ ከኋላ ተከተላቸው። ቀረጻው ላይ ጫማቸው ኮብልስቶኑን ሲረግጥ ይሰማል። ውሻ ይጮሃል። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ "ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይመጣል፣ ከሕንፃ ሕንፃ እየተላተመ። በየፎቁ መስኮት ሲከፈትም ይሰማል። በኋላ ስናሰማቸው ሴቶቹ የለዩዋቸው ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው፣ ከጥሪው በፊት።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ያለቀው ሥራ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የቀረበው በሐምሌ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ነበር። ዝናቡንም የቀዳነው በዚያው ክረምት ነው። በሳይቱ ውስጥ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ጣሪያ ያገኘነው የጥበቃዎቹ ጎጆ ላይ ብቻ ነበር።

ለአቀራረቡ የመረጥነው የአንዱን ሕንፃ ደረጃ ነው። በየፎቁ መታጠፊያ ትንንሽ ብሉቱዝ ስፒከር አስቀመጥን፤ ከታች ለፋፊው፣ ከፍ ሲል ሙቀጫው፣ ከላይ ዝናቡ። ለሕፃናቱ በጣም ሠራ፤ ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ። ለትልልቆቹ አልሠራም። ሊፍት የለም፣ ጉልበት የለም። ከታች ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚደርሰው የተደበላለቀ ጫጫታ ነው። ድምፁ ከስፒከር ስፒከርም ይቀዳደም ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወደ ኮሚናሉ አወረድንና በአንድ ስፒከር አሰማን፤ ከዚያ ሴቶቹ ሙቀጫቸውን አምጥተው በአካል አደረጉት። ከደረጃው ይልቅ ሰው የሚያወራው ስለዚህኛው ነው።

ወጣቶቹ የእናቶቹን ድምፅ ከቢት ስር አድርገው የሠሩት ቅጂም ነበር። ጥሩ ቢት ነው። ሴቶቹ ሰምተው "የኛ ሙቀጫ የት ሄደ?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ባሱ ውጦታል። ሁለት ሥራ እንዲሆን ተስማማን። ወጣቶቹ ቅጂያቸውን በራሳቸው ስም ይዘዋል፤ እናቶቹ ካልፈቀዱ ግን ለሽያጭ አያወጡትም።

ድርጅቱ የፈለገውን መድረክ አላገኘም። ሪፖርቱ ዘገየ፤ ቀጣይ ገንዘብም አልመጣም። ይህን መደበቅ አይገባም። ከማኅበረሰብ አቆጣጠር ጋር የሚሄድ ሥራ ከሩብ ዓመት ሪፖርት ጋር ብዙ ጊዜ አይሄድም።

ገንዘብና መብት

ለተሳታፊ የተያዘ አበል ነበር። እድሩ ገንዘቡ ወደ ካዝና ይግባ ሲል ወጣቶቹ አኮረፉ፤ አብዛኞቹ የእድሩ አባል አይደሉም፣ አባላቱ ወላጆቻቸው ናቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ የአባላቱ ድርሻ ለእድሩ ገባ፣ ለመቅዳትና ለማቀናበር የተያዘው ለልጆቹ ተከፈለ። ይህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መነጋገሪያ መሆን የነበረበት ጉዳይ ነው።

በሕግ በኩል የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ክዋኔ ያለ ከዋኙ ፈቃድ እንዳይቀዳ ይጠብቃል። የፈቃድ ቅጽ አዘጋጀን። በሕግ ቋንቋ የተጻፈውን ሁለት ገጽ ግን ማንም አላነበበውም። የሠራው የእድሩ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ጮክ ተብሎ ተነበበ፣ ተፈረመበት፣ ማኅተም አረፈበት። በውስጡ ማንም አባል በፈለገ ጊዜ ድምፁን ማስወጣት ይችላል የሚል ተጨመረ። አንዲት እናት ለልጃቸው ያወጡትን የለቅሶ ግጥም ሰጥተውን ነበር። ዘመድ ተቃወመና አስወጡት። ፋይሉ ከሁሉም ቦታ ተሰረዘ። ሥራው እዚያ ላይ ሳሳ፣ ሳስቶም ቀረበ።

ለሌላ ቦታ የሚሆን

እድር፣ እቁብ፣ ማኅበር፣ ጽዋ ያለበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ የተደራጀ ነው። አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። ጉዳዩን በእነሱ አጀንዳ ማስያዝ፣ በእነሱ ስብሰባ ማስወሰን ይሻላል። ይዘገያል፤ ግን ጠብ ሲመጣ የሚዳኝ ሰው አለ። የጥሩምባው ቀን ሰብሳቢው ባይኖሩ ሥራው እዚያው ያበቃ ነበር።

ምን እንደማይሰማ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል። "ምን እንቅዳ?" የሚለው ጥያቄ ቀላል ነው። "ምንን አንቅዳ?" የሚለው ደግሞ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መቅረብ አለበት፤ መልሱ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። አንዱ ጋ ጥሩምባ ነው፣ ሌላው ጋ ቅዳሴ ወይም የሟች ስም ሊሆን ይችላል።

አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው ዘዴ ሙዚቃ ላልተማረ ቡድን ሁሉ ይሆናል። ምቱን ግን ከውጭ አታምጡ። ሙቀጫ ከሌለ አብረው የሚሠሩት ሌላ ሥራ ይኖራል፤ ሸክም ሲያነሱ የሚቀባበሉት ቃል፣ እህል ሲወቁ የሚሉት። ሰዎቹ ተራ መጠበቅን ከለመዱበት ሥራ ጀምሩ።

አቀራረቡን ሲያቅዱ መጀመሪያ በዕድሜ ትልቁ ሰው የት እንደሚቀመጥ ማሰብ ይገባል። ስፒከሩ ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ቢጠፋ የሚተካ ባትሪም በበጀት ይያዝ፤ ጄኔሬተር ከተነሳ ጀበናው አይሰማም።

ዋናው ቅጂ በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ አንዱ ከእድሩ ማኅተም ጋር ጸሐፊው ዘንድ ተቀምጧል። ሌላው እኔ ጋ ነው፤ ከኮሚቴው ፈቃድ ውጭ ለማንም አላሰማም። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚደመጥ ነገር አልተያያዘም።